ያልተቀባው ባለ ሦስት እግር

ባስቶስ፣ ብራዚል
ማርች 6፣ 1988

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሚኖሩ፣

በእናንተ በኩል የፕለሙ አበባ ረግፎ የቼሪው የሚጠበቅበት ጊዜ ነው፤ በእኛ በኩል ሙቀቱ ዶሮዎቹን አፍ አስከፍቶ ያስለከልካቸዋል። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ። በየማለዳው ለሙታኖቻችን ሩዝ ሳቀርብ ከሕያዋን መጀመሪያ የምጠራው የአንተን ስም ነው፤ እነሱ ይጠብቁህ።

ባለቤቴ ቶኪዞ ከወደቀ ስምንት ወር ሆነው። ግራ እግሩና ግራ እጁ አሁንም አይታዘዙትም፤ ምላሱ ግን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። አልጋው ላይ ሆኖ የዶሮዎቹን መኖ፣ የእንቁላሉን ጭነት፣ የእኔን አረማመድ ሳይቀር ይቆጣጠራል። እሱን ትቼ የትም መሄድ እንደማልችል ገብቶኛል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «የሚመጣው ዓመት አገሬ እገባለሁ» ስል ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ እንደማልል ለልጆቼ እንኳ አልነገርኳቸውም፤ ለአንተ ነው የምነግርህ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ትንንሽ መኪና ሠርቶ መቀባት ሙያህ ነው። የአባባን ባለ ሦስት እግር የጭነት መኪና ሥራልኝ፤ ጣውላ የሚያመላልስበትን፣ ያን ቀን እኔን ከነሣጥኔ ባቡር ጣቢያ ያደረሰበትን። ያለኝ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጥቁርና ነጭ ነው፤ የመኪናው ቀለም ከልቤ እየጠፋብኝ ነው። ሲያልቅ ግን በፖስታ እንዳትልከው። ራስህ ይዘኸው ና። ጡረታ ወጥተሃል፣ ልጆችህ ራሳቸውን ችለዋል፣ እግርህ ይሄዳል። አንተን ሳላይ መሞት አልፈልግም፤ ይኸው ጻፍኩት።

እህትህ ፉሳኤ


ሺዙኦካ
ኤፕሪል 9፣ 1988

ይድረስ ለፉሳዬ፣

የትናንቱ ዝናብ የቼሪውን አበባ ጠራርጎ ቦዩ ውስጥ ከቶታል፤ ውሃው አይታይም። ቶኪዞ ቶሎ ያገግም። ምላሱ መትረፉ ጥሩ ምልክት ነው፤ እሱ ዝም ያለ ዕለት ነው መፍራት።

ሳላይህ ልሞት ነው ምናምን ትያለሽ፤ በሃምሳ ሦስት ዓመትሽ ማን ሊቀብርሽ ነው? ስልሳ የሞላኝ እኔ ስለ ሞት አላወራሁም።

ወደ መኪናው ልምጣ። ያ ዓይነት ተገጣጣሚ ሆኖ በካርቶን አይሸጥም፤ አሮጌ ዕቃ ማን ይገዛናል ብለው ነው መሰለኝ። ከፕላስቲክ ሉህ እየቆረጥኩ እሠራዋለሁ፤ መዳፍሽ ላይ የምታቆሚው ያህል ይሆናል። ሃያ አምስት ዓመት የተገጣጣሚ መኪናዎች ፋብሪካውን ማሳያዎች የቀባሁ ሰው ለአባቴ መኪና አላንስም። ቅርጹ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ቀለሙ ነው። አረንጓዴ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ግን አረንጓዴ ስንት ዓይነት ነው?

እኛ ቀለም የምንሞክረው በፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ነው። እንደ መኪና ኮፈኖ ጎበጥ ስላለ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍበት ያሳያል። ናይትሮውን ቀለም ወተት እስኪመስል በቲነር አቀጥነዋለሁ፤ በመርጫው እንደ ጉም አድርጌ አንድ እጅ፣ ሲደርቅ ሌላ እጅ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ማራገቢያው እየዞረ። ሟቿ ባለቤቴ የቲነሩ ሽታ ከፍራሹ አልወጣ ብሏት «ያገባሁት ሰውዬውን ነው የቀለም ቆርቆሮውን?» ትል ነበር። አምስት ማንኪያ ልኬልሻለሁ፤ እጀታቸው ላይ ቁጥር አለ። የአባባን መኪና የሚመስለውን ምረጪ።

ቀለሙ ደርቆ በተወለወለ ማግስት ይዤው እመጣለሁ። እስከ ጃንዋሪው አዲስ ዓመት ያልቃል። እዚሁ ቅርብ ካለው ከናጎያ አልፎ የማያውቅ ሰው ነው ይህን የሚጽፍልሽ።

ወንድምሽ ሚኖሩ


ባስቶስ
ሜይ 3፣ 1988

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ማለዳ ማለዳ ሹራብ መልበስ ጀምረናል። ደህና ነን፤ ደህና ሁንልን።

«ይዤው እመጣለሁ» ያልክበትን ደብዳቤ ለቶኪዞ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። በሦስተኛው ላይ «ሴትዮ፣ የታመመው እግሬ እንጂ ጆሮዬ አይደለም» አለኝ። ግን እሱም ደስ ብሎታል፤ ጢሙን የሚላጭለት ሰው ሊመጣ ነው። እኔ ስላጨው እንደ ዶሮ እየነጨሁት ነው ይላል።

ማንኪያዎቹን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። የቀረበው ሦስተኛው ነው፤ ግን የሚጎድለው ነገር አለ። ለሩዝ ቂጣ በጸደይ የምንለቅመው አሪቲ ትዝ ይልሃል? የቅጠሉ ፊት ሳይሆን ጀርባው። ደብዘዝ ያለ፣ አቧራ የነካው የሚመስል። የአባባ መኪና እንደዚያ ነበር። እማማ ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብላ ስትለቅም መኪናው አጠገቧ ቆሞ ይታየኛል፤ ቅጠሉና መኪናው አንድ ነበሩ።

የምትተኛበትን ክፍል ኖራ አስቀባሁት። ትራስህ የባቄላ ገለባ ይሁን ወይስ የጥጥ? ይህን በሚቀጥለው ደብዳቤ ንገረኝ፤ ለመስፋት ጊዜ ይፈልጋል።

ፉሳኤ


ሺዙኦካ
ጁላይ 2፣ 1988

ይድረስ ለፉሳዬ፣

የዝናቡ ወር ገብቶ ጫማም መጽሐፍም ሻግቷል። የዘገየሁት በእሱ ምክንያት ነው። በእርጥብ አየር ናይትሮ ከረጨሽ ላዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ይይዛል፤ የአየሩ ውሃ ከቀለሙ ጋር ገብቶ ያበላሸዋል። በዚህ ከተማ በዝናብ ወር የሚያብለጨልጭ ቀለም የሚረጭ ሰው ወይ ጀማሪ ነው ወይ ሰክሯል።

ሥራው ግን አልቆመም። ገላው አልቋል፤ እንደ ብስክሌት የሚያዘው መሪው፣ አንዲቱ የፊት መብራት፣ የጣውላው መጫኛ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ግራጫ ፕራይመሩን፣ ከሥር የሚቀባውን፣ ለብሶ ቀለሙን ይጠብቃል። ፀሐይ በወጣች በአንዲቷ ቀን ሁለት ማንኪያ ረጨሁልሽ። አንቺ የመረጥሽው ሦስተኛው ላይ ጥቂት ቢጫ ነው የጨመርኩት፤ ቁርጥ የቅጠሉን ጀርባ መስሏል።

የትንንሽ መኪና ሠሪዎች ማኅበራችን በሜይ ባደረገው ኤግዚቢሽን ላይ ነጯ መኪናዬ እንደ አምናውና እንደ ካቻምናው ብዙ ተመሰገነች። የማኅበራችን ሰዎች «የሚኖሩ ነጭ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ይህንን ለጉራ አይደለም የምጽፈው፤ ለጉራ ነው።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት መነጽር ላይ መነጽር ደርቤ ነው። ደማቅ እስክሪብቶ ግዢ። የእንቁላል ነጋዴ ቀለም ይቆጥባል እንዴ?

ሚኖሩ

ትራሱ የባቄላ ገለባ ይሁን።


ባስቶስ
ኦገስት 1፣ 1988

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤና ይስጥህ። እኛ ደህና ነን፤ ቶኪዞ ትናንት በምርኩዝ አራት እርምጃ ተራምዷል።

ማንኪያዎቹ ደረሱኝ። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ማለቴ አይደለም፤ ሰማያዊ፣ የፖስታ ቤት ኤንቨሎፕ የሚመስል። ቢጫ ጨምሬበታለሁ ብለሃል። ያን ቢጫ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

ቀለሙ ካልተገኘ መኪናው አያልቅም፣ መኪናው ካላለቀ አንተ አትመጣም። ሁለቱ ነገሮች እንዲህ መያያዛቸው ለአንተ ሳይመችህ አልቀረም ብዬ አሰብኩ። መምጣት ካልፈለግህ በግልጽ ንገረኝ፤ በማንኪያ አታባብለኝ። ትራሱን ሰፍቼዋለሁ።

ፉሳኤ


ሺዙኦካ
ሴፕቴምበር 20፣ 1988

ይድረስ ለፉሳኤ፣

ሙቀቱ በረድ ብሏል። ደህና ነኝ።

አንቺ አገር ለቀሽ ከሄድሽበት ጊዜ ጀምሮ ቀለም ስደባልቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አረንጓዴ ምን እንደሆነ ከዶሮ አርቢ አልማርም። የእናንተ ፀሐይ ሌላ ስለሆነ እዚያ ሰማያዊ መስሎሽ ይሆናል። አንድ ማንኪያ ጨምሬ ልኬያለሁ፤ ይህም ካልሆነሽ የራስሽን ዓይን ተመርመሪ።

ለአዲስ ዓመት የሚደርስ አይመስለኝም።

ሚኖሩ


ባስቶስ
ኦክቶበር 9፣ 1988

ይድረስ ለወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ሦስተኛው ነው።

ስምንቱንም ማንኪያ በመጡበት ቅደም ተከተል ደርድሬ ከተማ ወሰድኳቸው። እዚህ የተጋጨ መኪና የሚቀባ ሰው አለ፤ ቀለም የሚያመሳስለው በዓይኑ ነው። የማን እንደሆኑ አልነገርኩትም። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሁለቱን አንስቶ «እነዚህ ደህና ናቸው» አለ፤ ቀጥሎ የመጡትን ሦስቱን አየና «እነዚህን የቀባው ሰው ግን ቢጫው አይታየውም፤ ወይም ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኖበታል» አለኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ።

አያታችንን አስብ። ነጩን ፎጣ «አልጠራም፣ ቢጫ ነው» እያለች ሦስት ጊዜ ታጥበው ነበር። እኛ ጃጀች ብለን ስቀንባት ነበር። የዓይኗ ሞራ የታወቀው ከደረጃው ከወደቀች በኋላ ነው። አንተም መነጽር ላይ መነጽር ደርበሃል። ዓይንህ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሐኪም ዘንድ ሂድ።

አንተን አውቅሃለሁ፤ ይህን ካነበብክ በኋላ ላትጽፍልኝ ትችላለህ። በዚያውም መምጣትህ ይቀራል። ክፍሉን ባየሁ ቁጥር ይህንን እያሰብኩ ደብዳቤውን ይዤ ቆየሁ። ዝም ብልህ ትመጣ ነበር፤ ግን እየታወርክ ትመጣ ነበር። ስለዚህ ጻፍኩ።

ናፍቀኸኛል።

ፉሳኤ


ሺዙኦካ
ፌብሩዋሪ 12፣ 1989

ይድረስ ለፉሳዬ፣

ፕለሙ አብቧል። ዘንድሮ አበባው ነጭ መሆኑን አየሁ። አምና የሻይ ዝቃጭ የነካው መስሎኝ ዛፉ ታመመ ብዬ ነበር።

አራት ወር ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ነው። ሁለቱን ወር ተቆጣሁ፤ ሁለቱን አፈርኩ። በኖቬምበር መጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መብራቱን ዓይኔ ላይ አብርቶ «አባቴ፣ በዚህ ዓይን መንገድ ይሻገራሉ?» አለኝ። «ቀለም እቀባበታለሁ» ስለው ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት ነው። በዲሴምበር ቀኝ ዓይኔን ቀደዱልኝ። ሞራ ነበር። ግራው ሳይነካ ቀርቷል፤ በቀኙ ሳይ የቤቴ ግድግዳ ነጭ ነው፣ በግራው ሳይ ሻይ የተደፋበት ነው።

ፋሻው በተፈታ ማግስት የመስታወት ሣጥኔ ፊት ቆምኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀባኋቸው መኪናዎች በሙሉ፣ ሦስት ዓመት የተመሰገንኩባቸው ነጮች፣ ውሃ የበዛበት ወተት መስለው ሰማያዊ ሆነዋል። ክሬም ያልኩት ሐምራዊ ነው። ቁጭ አልኩ፤ ለረጅም ጊዜ አልተነሳሁም።

በጃንዋሪ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንዷን መኪና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ምን ቀለም ናት ብዬ ጠየቅኩ። ሊቀመንበራችን ማኪኖ መሬት መሬቱን ያያል።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አልኩት።

«ሦስት ዓመት፣ መምህር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መምህር፣ እንዴት ብለን?»

ያን ጊዜ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ አባላችን በሃፍረት ቀልቶ ተነሳ። እሱ ለካ አዲስ ስልት መስሎት ዓመት ሙሉ «የሚኖሩ ነጭ»ን ለማግኘት ቀለም ሲደባልቅ ከርሟል፤ የጥርስ ነጭ መምረጥ እንጀራው የሆነ ሰው! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ሳቁ አልዘለቀልኝም። አልፈርድባቸውም። የማኪኖ መኪናዎች ጎማቸው ተንጋዶ እንደሚቆም አሥር ዓመት ሳይ ኖሬ አንድ ቀን አልነገርኩትም። እንዲህ ነን። ከዓለም ዳርቻ ሆነሽ የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ የሚወድ ያስለቅሳል።

ስለዚህ እኔም ልንገርሽ። ከብራዚል አንቺን ለጋብቻ የሚጠይቀው ደብዳቤ የመጣ ጊዜ አባባ ልላካት ወይስ ላስቀራት ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ላገባ ነበር፣ ቤቱም ሁለት ክፍል ነበር። «ትሂድ፣ ቦታ ይለቀቅልናል» አልኩት። የሄድሽ ዕለት ባቡር ጣቢያ ያልመጣሁት ሥራ ይዞኝ አይደለም። ፊትሽን ማየት ስላቃተኝ ነው። አምና ደግሞ ዝናብ፣ ቀለም፣ ፀሐይ እያልኩ የዘገየሁት ዓይኔ ብቻ አልነበረም። ገምተሽዋል፤ አንቺን ለማየት ፈርቼ ነው።

ከዚህ በኋላ ና ባትዪኝ አልቀየምም።

ሚኖሩ


ባስቶስ
ማርች 1፣ 1989

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሚኖሩ፣

ዓይንህ ስለበራ ምስጋናዬን ለሙታኖቻችን በሩዝም በአበባም አድርሻለሁ። ግራውንም ቶሎ አስነካው።

የነገርከኝን አውቀዋለሁ። የእኛ ቤት በር ወረቀት ነበር፣ እኔም ከበሩ ወዲያ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። «ቦታ ይለቀቅልናል» ስትል የያዝኩት የአንተን ሸሚዝ ነው። አጥፌ አስቀመጥኩት። መርከቡ ላይ አርባ ቀን ሙሉ ጠላሁህ። እዚህ ከደረስኩ በኋላ ሥራው በዛ፣ ልጆች መጡ፣ ዶሮዎቹ መጡ፤ ጥላቻ ጊዜ ይፈልጋል፣ እኔ ጊዜ አልነበረኝም። አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት። ናፍቆቱን ግን አንድም ቀን አላጣሁትም። ባለፈው ዓመት ና ያልኩህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው።

እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ። የአሪቲው ቅጠል ጀርባ ያልኩት እርግጠኛ ሆኜ አይደለም። እማማንና ቅጠሉን አስታውሳለሁ፤ መኪናውን አጠገቧ ያቆምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቀለሙን ረስቼዋለሁ። አንተም ረስተኸዋል። የሚነግረን ሰው የለም፣ የሚቆጣንም የለም።

ስለዚህ ቀለሙን ተወው። መኪናውንም ብትፈልግ ተወው። አንተ ና።

ቶኪዞ ጢሙን ማሳደግ ጀምሯል። «ባለሙያው እስኪመጣ ማንም አይነካኝም» ብሏል።

ፉሳኤ


ሺዙኦካ
ኤፕሪል 2፣ 1989

ይድረስ ለእህቴ ለፉሳኤ፣

የሻይ ለቀማው ሊጀመር ነው፤ ኮረብታው አረንጓዴ ሆኗል፣ በሁለቱም ዓይኔ። ግራውን ባለፈው ወር አስነካሁት።

የሸሚዙን ነገር ካነበብኩ በኋላ ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ሜይ 11 ከናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ እነሳለሁ። የማኅበሩ ኤግዚቢሽን በዚያው ሳምንት ነው። ለማኪኖ እንደማልገኝ ስነግረው «መምህር፣ ያለ እርስዎ እንዴት ይሆናል?» አለ። «ጥሩ ይሆናል፤ ይልቅ ጎማህን አቃና» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ። ለካ መንገር ይቻላል።

የቀለም ቆርቆሮዎቼን አስሬ ነበር። የቲኬት ቢሮዋ ልጅ ናይትሮና ቲነር አውሮፕላን ላይ አይወጣም፣ እሳት ነው ብላ ከለከለችኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ቀለለኝ። መኪናው በግራጫ ፕራይመሩ እንዳለ ይመጣል። ያ የከተማችሁ መኪና ቀቢ ናይትሮ አያጣም፤ እሱ ጋ ቆመን አንቺ ጨምር ቀንስ እያልሽኝ እንደባልቃለን። ምን ቀለም እንደሚወጣ አላውቅም። የሁለታችን ይሆናል።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ደብዳቤዬን በአበባና በዝናብ እየጀመርኩ ሞቀ ቀዘቀዘ ስልሽ ኖሬያለሁ። የምጽፈው ሌላ ነበር፤ ናፍቀሽኛል። ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ።

አንድ ልመና አለኝ። ዓይኔ ከበራ ወዲህ መስታወት አይቻለሁ። የማውቀው ሰውዬ የለም፤ ሌላ ሽማግሌ ቆሞ ያየኛል። አንቺም ከፎቶሽ እንደተለወጥሽ አላጣውም። አውሮፕላን ማረፊያው ስንገናኝ ለደግነት ብለሽ አላረጀህም እንዳትይኝ፤ ያን ዓይነት ደግነት ሦስት ዓመት ሙሉ ጠግቤዋለሁ። አርጅተሃል በይኝ። እኔም አርጅተሻል እልሻለሁ። ከዚያ ቤት እንገባለን።

ወንድምሽ ሚኖሩ